የሱልጣኑን ድምፅ ልወስድ የሄድኩ ቀን

የሰው ድምፅ በማስመሰል ነው የምታወቀው። ሃያ ሁለት አካባቢ ካፌ ስንቀመጥ ጓደኞቼ «እስቲ እገሌን አድርግልን» ይሉኛል፤ አደርጋለሁ። ጠረጴዛው ይንጫጫል፣ አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ይስቃል። ሚኪያስ እባላለሁ። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰርግ ላይ፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ፣ በየሄድኩበት የሌላ ሰው ድምፅ እያወጣሁ እኖር ነበር። የራሴን ድምፅ የሚፈልግ ሰው አልገጠመኝም፣ እኔም ብዙ አልናፈቀኝም። እናቴ ብቻ «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ በራስህ አፍ ተናገር» ትለኝ ነበር። እስቅባት ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አመሻሹ ባለው ጊዜ ነው። በመካከሉ አንድ ቃል መናገር እያለብኝ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። በዚያ ሰዓት ተኩል እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ስለዚህ ታሪኩን ስትሰሙ እንደ ጀግና አትቁጠሩኝ።

ገርጂ ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለውጭ አገር ተከታታይ ድራማ የአማርኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ስቱዲዮ ነበር። ተዋናዩ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይገባል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ላይ የባዕዱ ሰውዬ አፍ ሲከፈት የእሱም አማርኛ አብሮ መከፈት አለበት፣ ሲዘጋም አብሮ መዘጋት። ካልገጠመ ይደገማል። አንድ ዐረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ የሚባልበት ቀን አለ። ከክፍሏ መስታወት ወዲህ የድምፅ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል።

የዚያን ሰሞን ሰው የሚያወራው በመካከለኛው ዘመን ስለኖረ አንድ ሱልጣን በተሠራው ድራማ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማ ሲያስመልስና ምሽግ ሲሰብር ያየነው ሰው አሁን አርጅቷል፣ ታሟል። የቀሩት ሁለቱ ክፍሎች የመጨረሻ ዓመታቱ ነበሩ። ጠባዩ ለየት ያለ ነው። አይጮህም። የማረከውን ጠላት ውሃ ሲያጠጣም፣ ልጁን ሲቀብርም፣ ከጦር አለቆቹ ጋር ሲጣላም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያለውን ሁሉ እየሰጠ ጨርሶ፣ በመጨረሻ የሚወደውን ፈረስ እንኳ እግሩ ለተሰበረ ተራ ወታደር ሰጥቷል። ከሁሉም እኔ የምወድለት ግን ምንጣፉን ነው። በየሳምንቱ በሩን አስከፍቶ አቤቱታ ሲሰማ፣ ድሃውም መበለቲቱም እየተጋፉ ገብተው የተቀመጠበትን ምንጣፍ በጭቃ እግራቸው ይረግጡታል። አገልጋዮቹ ሊያጥቡት ሲነሱ «ተዉት፣ ማን እንደመጣ የማውቀው በእሱ ነው» ይላቸዋል።

ለዚህ ሰው የአማርኛ ድምፅ የሰጡት ጋሽ ሐጎስ ነበሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ የጨረሱ ተዋናይ። ድምፃቸው እንደ ወፍራም ጋቢ ነው፤ ስትሰሙት ይሞቃችኋል። ብቻ ከጥቂት ወራት ወዲህ መሻከር ጀምሮ ነበር። አንዳንዱ ቃል ይሰበርባቸዋል፣ ሌላው ጭራሽ አይወጣም። የስቱዲዮው ባለቤት ሰናይት ይህን ስታይ ለእኔ ደወለች።

«የጋሽ ሐጎስን ድምፅ ታወጣለህ አሉ?»

እዚያው ስልኩ ላይ አወጣሁላት። «ረቡዕ ከሰዓት ትቀዳለህ። ጠዋት ግን መጥተህ ክፍሎቹን እያቸው» አለችኝ።

«እሳቸውስ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

አልነገረቻቸውም። በክፋት አይደለም፤ ሰናይት ደግ ሴት ናት። ይሉኝታ ያዛት። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ እያለች ረቡዕ ደረሰ። እኔ ደግሞ ሱልጣኑን ልሠራ ነው ብዬ ሃያ ሁለትን በሙሉ አዳርሼ ነበር። ሰሚት ለምትኖረው እናቴ ሳይቀር ደውዬ ነግሬያለሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ የድምፅ ባለሙያው ያሬድ ትናንት ያለቀውን ክፍል ከኮምፒውተሩ እያወጣ ነበር። «ኮምፒውተሩ እስከ ስምንት ሰዓት አይነካም። ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ዛሬ ማታ ደግሞ ለቴሌቪዥን ጣቢያው መላክ አለበት» አለኝ። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ በሩ ተከፈተና ጋሽ ሐጎስ ገቡ። ከረባት አስረዋል፣ ስክሪፕታቸውን በብብታቸው ይዘዋል፣ በሌላው እጃቸው የዝንጅብል ፔርሙስ።

ሰናይት ክው አለች። ያሬድ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» አለች ሰናይት በመጨረሻ። ወንበር ሰጥታቸው እኔንና ያሬድን ወደ ኮሪደሩ ጎተተችን።

«ምን ላድርግ? እኚህን ሰው ከበር ልመልሳቸው? እኔ አልችልም። ይግቡና ይናገሩ፤ ሲጨርሱ አመስግነን እንሸኛቸው። ሚኪ እንዳልነው ከሰዓት ይቀዳል።»

«ኮምፒውተሩ እኮ ሥራ ላይ ነው፣ መቅዳት አልችልም» አለ ያሬድ።

«ቀይ መብራቱን ብቻ አብራላቸው» አለች፣ ፊቷን አዙራ። ከዚያ ቦሌ ስብሰባ አለኝ ብላ ሄደች።

ቀይ መብራቱ ለብቻው ማብሪያ አለው። ውስጥ ላለው ተዋናይ «እየቀዳሁህ ነው» ማለት ነው። ያሬድ አበራው። ስክሪኑ ላይ ግን፣ ሲቀዳ እየተርገበገበች የምትሄደው አረንጓዴ መስመር ቀጥ ብላ ተኝታለች። እኔን «ይሄ ልጅ ወታደሮቹን ነው የሚሠራው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ጋሽ ሐጎስ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ጎሽ፣ ወታደር ሆኖ መጀመር ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኛል። ነፃ ትምህርት አገኘሁ ብዬ ደብተሬን አወጣሁ። የት ላይ ዝግ እንደሚሉ፣ የትኛውን ቃል እንደሚጎትቱ፣ የት ላይ እስትንፋስ እንደሚስቡ አንድም ሳይቀር ጻፍኩ። ከሰዓት ልክ እንደሳቸው ላደርገው ነው። እሳቸው አንዱ መስመር ካልገጠመ «ይቅርታ ያሬዶ፣ እንደገና» ይላሉ። ያሬድ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ «እሺ ጋሼ፣ እየቀዳሁ ነው» ይላል። እንደገና ይላሉ። ሦስቴ፣ አራቴ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዕረፍት ወጡ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዝንጅብላቸውን ሲቀዱ እኔንም «ቁጭ በል» አሉኝ። ሲጠጡ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መዋጥ እንዳቃታቸው ያስታውቃል።

«ጋሼ፣ ታመዋል እንዴ?»

«ነገ ጠዋት ነው ቀጠሮዬ» አሉ። ከኮታቸው ኪስ የሆስፒታል ወረቀት አወጡና መልሰው ከተቱት። «ማንቁርቴን ጨርሰው ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ ድምፅ የሚባል የለም። በአንገቴ ቀዳዳ ነው የምተነፍሰው አሉኝ።»

«ሰናይት ታውቃለች?»

«ሐኪም ቤት እንደምመላለስ ታውቃለች። ይሄን አልነገርኳትም። ካወቀች ታዝንልኛለች፣ ይረፉ ትላለች።» ትንሽ ሳቁ፣ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ሦስት ዓመት አብሬው ኖርኩ ከሰውየው ጋር። ሳልቀብረው አልሄድም ብዬ ነው የመጣሁ። ሲሞት የሚላትን የእስልምና የምስክርነት ቃል ጎረቤቴ ሐጂ ሰዒድ አስጠኑኝ። እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ፤ የሰው ሃይማኖት በእኔ አፍ እንዳይበላሽ ብዬ አንድ ወር ሙሉ ቤታቸው ተመላለስኩ። አሁን እሳቸው ራሳቸው፣ አሟሟቱን አሳምር እንጂ ቃሏስ ደህና ናት አሉኝ።»

ይህን ብለው ተነሥተው ገቡ። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

አስቡት እንግዲህ። ሰናይት ለእሳቸው አዝና ደበቀቻቸው። እሳቸው እንዳታዝንላቸው ደበቋት። ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዚህ ምድር ላይ የቀራቸውን ድምፅ እኚህ ሰው ለማይሰማ ማይክ እያፈሰሱት ነው፣ እኔ ደግሞ ከጎን ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ።

ለያሬድ በሹክሹክታ ነገርኩት። «ወይኔ» አለ፤ ከዚያ «ንገራቸዋ» አለኝ።

«አንተ ንገራቸው፣ አንተ ነህ የምታውቃቸው።»

«እንዴት ብዬ? ከጠዋት ጀምሮ እየቀዳሁ ነው ስላቸው!»

እንዲህ ስንገፋፋ ጊዜው ሄደ። አሁን ትላላችሁ፣ ምን ከባድ ነገር አለው፣ በሩን አንኳኩቶ መናገር ነው። ሞክሩት። ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀምጫለሁ። አንዴ ይጨርሱና ይሻላል እላለሁ። አንዴ ደግሞ፣ አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይቃጠላል፣ ከተነገራቸው የእኔ ሱልጣንነት ቀረ እላለሁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ የመጨረሻዋን መስመር ሊሉ ደረሱ። በዚህ ሥራ ጩኸት ሁልጊዜ ለመጨረሻ ነው የሚቀመጠው፤ አንዴ ከጮኹ ጉሮሮ ያልቃል። ሦስት ዓመት ያልጮኸው ሱልጣን እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ይጮሃል። ታሞ ተኝቷል። የጦር አለቆቹና ሐኪሙ እንዳይደክም አዝነውለት አቤት ባዩን ሁሉ ከበር እየመለሱ «ዛሬም ማንም አልመጣም» ይሉታል። እሱ ቀና ብሎ ምንጣፉን ያያል። ምንጣፉ ንጹሕ ነው። አንድም የእግር ዱካ የለበትም።

ጋሽ ሐጎስ በለሆሳስ ጀመሩት። «ማንም አልመጣም አላችሁኝ። አገሬን የማውቃት በዚህ ጭቃ ነበር። ሳልሞት ቀበራችሁኝ።» ከዚያ አቆሙና በማይኩ እኛን ጠሩን። «ያሬዶ፣ የምትቀጥለዋን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምችላት። ተዘጋጅተሃል?»

ያሬድ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቀረ። ላብ በግንባሩ ይወርዳል። «ዝግጁ ነኝ ጋሼ» አለ።

እግሬ መቼ እንደተነሣ አላውቅም። የክፍሏን በር ከፍቼ ቆምኩ። ጋሽ ሐጎስ አየር ስበው አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር።

«ጋሼ፣ አይናገሩ። አልተቀዳም።»

ማዳመጫቸውን አወረዱ። «ምኑ?»

«ሁሉም። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ አይቀዳም። መብራቱ ብቻ ነው የበራው።»

ቀይ መብራቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አንተ ማን ነህ?»

«ወታደር አይደለሁም። እርስዎን እንዳስመስል የመጣሁ ነኝ። ከሰዓት ሱልጣኑን የምቀዳው እኔ ነበርኩ።»

የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢሰድቡኝም እወድ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ ተደግፈው «እስቲ አስመስለኝ» አሉ።

«ጋሼ...»

«አስመስለኝ ነው የምልህ።»

የጠዋቱን አንድ ንግግር አልኩላቸው፤ በጻፍኩት መሠረት፣ አንድም ሳልስት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ነህ። ድምፁ የእኔው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መካከል ላይ እስትንፋስ ሳብክ። እኔ እዚያ ላይ የምስበው ስለሚያመኝ ነው። አንተ ለምንድን ነው?»

ደብተሬን አጠፍኩት።

ጋሽ ሐጎስ ተነሥተው ከረባታቸውን አላሉ። «ያሬድ፣ ያን ማሽን አቁመውና ለእኔ ልቀቀው።»

«ጋሼ፣ ሰናይት ትገድለኛለች፣ ዛሬ ማታ የሚላክ ነው።»

«ሚኪያስ አስገደደኝ በላት» አልኩት። ያሬድ ሁለታችንንም አየ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራው የቆየውን በአንድ ጣት ሰረዘው።

«ጩኸቱን ቀድመን እንሠራዋለን» አሉ ጋሽ ሐጎስ።

«ጩኸት ለመጨረሻ ነው እኮ ጋሼ» አለ ያሬድ።

«ዛሬ ለመጨረሻ የማስቀምጠው ነገር የለኝም። አብራ።»

መብራቱ በራ። በዚህኛው ጊዜ አረንጓዴዋን መስመር እኔ ራሴ አየኋት፣ ትርገበገባለች። ጋሽ ሐጎስ አየር ሳቡ። «በሩን ክፈቱ!»

ምን ልበላችሁ። መስታወቱ ነዘረ። መስመሯ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ዘለለች። ያሬድ እጁን አፉ ላይ አደረገ። እሳቸው መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘው ሳሉ፣ ሲያነሱት ጫፉ ቀልቶ ነበር። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የቀሩት ሰማንያ መስመሮች ነበሩ፣ ጉሮሯቸው ግን አልቋል። ያኔ ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። እያንዳንዱን መስመር መጀመሪያ እኔ እላለሁ፣ በእሳቸው ድምፅና በእሳቸው ፍጥነት፣ ከሱልጣኑ አፍ ጋር እስኪገጥም ድረስ፤ አምስቴም ይሁን ስድስቴ። አንድ ቃል ከረዘመ አሳጥራለሁ፣ ካጠረ እጨምራለሁ። ልክ ሲመጣ እሳቸው አንዴ ብቻ ይሉታል። ድካሙን እኔ፣ ድምፁን እሳቸው። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን።

ሰናይት ሰባት ሰዓት ላይ ስትመለስ የተሰረዘውን አይታ «ማን ነው ይሄን ያደረገው?» አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጋሽ ሐጎስ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «ነይ ሰናይት፣ ልጄ። እኔም የደበቅኩሽ አለ፣ አንቺም የደበቅሽኝ አለ። እንተያይ።» የሆስፒታሉን ወረቀት እጇ ላይ አስቀመጡላት። አነበበችው። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፣ ይቅርታ ልትል ስትሞክር «በኋላ፣ አሁን ጊዜ የለኝም» ብለዋት ተመለሱ። ዓይኗን ጠርጋ ስልኳን አነሣችና ለጣቢያው ሰዎች «ዛሬ አይደርስም» አለቻቸው። ወዲያ ማዶ ሲጮሁባት ይሰማል። «አይደርስም አልኳችሁ» ብላ ዘጋችው።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሠራን። ድምፃቸው ከመስመር መስመር እየቀነሰ፣ ሱልጣኑም ከትዕይንት ትዕይንት እየደከመ ሄደ። የምስክርነቷን ቃል ሲደርሱ እኔን ዝም እንድል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። እሷን እንዳስመስል አልፈቀዱም። ራሳቸው አሏት፣ ቀስ ብለው፣ ሐጂ ሰዒድ እንዳስጠኗቸው። ያሬድ ኮምፒውተሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ያለቅስ ነበር።

አራት አጫጭር መስመሮች ቀሩ። አፋቸውን ከፈቱ፣ አየር ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ፈገግ ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ አንተ ጨርሰው ማለታቸው ነው። ቀዳኋቸው። ክፍሉ ሲተላለፍ ግን መጨረሻ ላይ እንዲጻፍ በግድ አስደረግኩ፦ የሱልጣኑ ድምፅ ሐጎስ፣ አራት መስመሮች ሚኪያስ። ጓደኞቼ ይህን አይተው ሦስት ወር ሙሉ «አራት መስመር» ብለው ጠሩኝ። ይጥሩኝ።

አንባቢዬ፣ ይህ ነገር እናንተም ቤት ያለ ይመስለኛል። ለታመመ ሰው ሕመሙን አንነግረውም፣ ከሥራ ለወጣው መውጣቱን አንነግረውም፤ ቀይ መብራቱን አብርተን «እየሰማንህ ነው» እንለዋለን። ደግነት መስሎን ነው። እኔም ደግ ሰው ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ያ ሰዓት ተኩል ባይኖር ዛሬም እንዲያው አስብ ነበር። እነዚያ የጠዋት መስመሮች ግን ሄደዋል፣ ማንም አይመልሳቸውም፤ በኋላ ከተቀዱት የተሻሉ ነበሩ፣ እኔና ያሬድ ብቻ ነን የሰማናቸው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በወሩ ሰሚት እቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ባለቤታቸው እትዬ ንግሥቲ ስልክ ይዘው በር ላይ ተቀበሉኝ። አዲግራት ያሉት የጋሽ ሐጎስ ታላቅ እህት እማማ አብረኸት ናቸው የደወሉት። ዓይናቸው አያይም፤ ወንድማቸውን የሚያውቁት በስልክ በሚሰሙት ድምፁ ነው። ቤተሰቡ ወር ሙሉ «ጉንፋን ይዞት ነው፣ ተኝቷል፣ ወጥቷል» እያለ ሸኝቷቸዋል።

«ሞቶ ነው የምትደብቁኝ እያሉ ያለቅሳሉ» አሉኝ እትዬ ንግሥቲ በሹክሹክታ፣ ስልኩን በነጠላቸው አፍነው። «አንተ ታውቅበታለህ አሉ። አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ሐጎስን ሁንላቸው። አንዴ ደህና ነኝ በላቸው፣ ይረፉ።»

ጋሽ ሐጎስ ሶፋው ላይ አንገታቸው በፋሻ ተጠምጥሞ ተቀምጠዋል። ሁሉን ይሰማሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። አዩኝ፤ ያን ቀን ማዳመጫቸውን አውርደው እንዳዩኝ።

ስልኩን ተቀበልኩና አጠገባቸው ሄጄ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ከእናቴ በተማርኩት በተሰባበረ ትግርኛዬ፣ በራሴ አፍ ተናገርኩ። «እማማ፣ ሚኪያስ እባላለሁ። ጋሽ ሐጎስ አልሞቱም፣ እዚሁ አጠገቤ ናቸው። ታመው ጉሮሯቸው ወጥቷል፣ ከእንግዲህ አይናገሩም። ግን ይሰሙዎታል። ያነጋግሯቸው፣ አዎ ሲሉ ስልኩን አንድ ጊዜ ይመታሉ።»

እማማ አብረኸት በቀጭን ድምፅ «ሐጎስ፣ አለህ?» አሉ።

ጋሽ ሐጎስ በጥፍራቸው ስልኩን መቱት። አንድ ጊዜ።

እማማ አለቀሱ። ካለቀሱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተቆጧቸው፤ ለምን አልነገርከኝም፣ እኔ ማን ነኝ፣ ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም ወይ እያሉ። ጋሽ ሐጎስ እንባቸው እየወረደ ያለ ድምፅ ይስቁ ነበር፤ እትዬ ንግሥቲ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ክንዴ እስኪዝል ስልኩን ያዝኩላቸው።

«ሁለተኛ እንዳትደብቀኝ። ሰማኸኝ?» አሉ እማማ በመጨረሻ።

ጋሽ ሐጎስ አንድ ጊዜ መቱ።